የፈንግል ክትባት ለሰጎን፦ ከጅማ ዳርቻ የተጻፈ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ጥቅምት 4

ሰጎኖቹ ከስምጥ ሸለቆ ቆላማ አካባቢ ተጭነው ጅማ ከደረሱ ዛሬ 12 ቀን ሆናቸው። ቁጥራቸው 18 ሲሆን ዕድሜያቸው ወደ አራት ወር ይጠጋል፤ ትልቁ አንገቱን ዘርግቶ ሲቆም ከእኔ ቁመት ያልፋል። ሰጎን በሕግ የዱር እንስሳ በመሆኑ ባለቤቱ ለማርባት ያወጣውን ፈቃድና የጉዞውን የጤና ምስክር ወረቀት አሳይቶኛል። ከእኔ የሚጠበቀው መንጋውን ከኒውካስል በሽታ፣ ማለትም የአገራችን ገበሬ ፈንግል ከሚለው፣ በክትባት መጠበቅና እስከ ጥር ወር ድረስ ጤንነታቸውን መከታተል ነው።

ሰጎን የደረቅና የገላጣ አገር ወፍ ነው። ጅማ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ የሚዘንብባት የቡና አገር ናት። ጥቅምት ቢገባም የግቢው ጭቃ ገና አልጠነከረም። ስለዚህ ስለ ክትባቱ ከማሰቤ በፊት የማደሪያቸው ወለል ከፍ ተደርጎ በተጠቀጠቀ ቀይ አፈር እንዲደለደል ጠየቅኩ። ሠራተኞቹ ከአቅራቢያው የቡና መፈልፈያ በነፃ የሚገኘውን የቡና ገለባ ሊያነጥፉላቸው አስበው ነበር፤ አልፈቀድኩም። ሰጎን ያገኘውን ሁሉ ይውጣል፣ ገለባው ካፌይን አለበት፣ ሲረጥብ ደግሞ ፈጥኖ ይሻግታል፤ የሻጋታው ብናኝ የጫጩትንና የወጣት ሰጎንን ሳንባ ክፉኛ ይጎዳል።

ጥቅምት 9

በየቀኑ የምሞላውን ቅጽ አዘጋጀሁ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ መኖ ከመቅረቡ በፊት፣ ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ለሩብ ሰዓት ያህል ዝም ብዬ አያቸዋለሁ። ሰጎን ሕመሙን የሚደብቅ ፍጡር ነው፤ ሰው ሲቀርበው ጤነኛ መስሎ ይቆማል፤ ስለዚህ ሳያየኝ ማየት አለብኝ። አካሄዱን፣ የአንገቱን አቋም፣ ከመንጋው መነጠል አለመነጠሉን፣ ክንፉን ማንጠልጠል አለማንጠልጠሉን እመዘግባለሁ።

ከዚያ የምመለከተው ኩሱን ነው። ሰጎን ከሌሎች ወፎች የሚለየው ሽንቱንና ኩሱን ለየብቻ ስለሚያወጣ ነው። ሽንቱ ውሃ መስሎ ሲወርድ ደህና ነው፤ ወፍሮና ነጭ ሆኖ ሲታይ ግን ወፉ ውሃ አጥሮታል። ኩሱ እንደ ፍየል በጠጥ ትናንሽና ደረቅ እንክብል ከሆነ ደግሞ ሆድ ዕቃው መታፈኑን መጠርጠር ይገባል። ይህ ምልክት ብዙ መሣሪያ ከሚነግረኝ ይበልጥ ይነግረኛል።

ቁጥር የተጻፈበት ቀይ የእግር ማሰሪያ አድርጌላቸው ነበር፤ በሁለት ቀን ውስጥ እርስ በርስ እየተናቆሩ አራቱን ነቀሉት። ወደ ጥቁር ቀየርኩት፤ ከዚያ ወዲህ ማንም ልብ አላለውም።

ጥቅምት 12

የመጀመሪያው ደም ተወሰደ። ባለቤቱ ከክትባት በፊት ደም መውሰድ ትርፍ ወጪ መስሎታል፤ «ዶክተር፣ ገና ምን ተሰጥቷቸው ነው የሚመረመሩት?» ብሎኛል። ላቦራቶሪው የሚለካው በደማቸው ውስጥ ያለውን የፈንግል አንቲቦዲ፣ ማለትም ሰውነት በሽታውን ለመከላከል የሚያመነጨውን ንጥረ ነገር፣ ነው፤ ይህ ምርመራ አንቲቦዲው ከክትባት ይምጣ ከበሽታ ለይቶ አይነግርም። ዛሬ የሌለ መሆኑን ካላረጋገጥኩ ነገ የሚገኘው የእኔ ክትባት ውጤት ነው ለማለት አልችልም።

አያያዙን በዝርዝር እጽፋለሁ፤ ምክንያቱም ሠራተኞቹ ከዚህ በፊት ከዶሮ በቀር ወፍ ይዘው አያውቁም። ሰጎን በእያንዳንዱ እግሩ ሁለት ጣት ብቻ ነው ያለው፤ የሚራገጠው ወደ ፊትና ወደ ታች ነው፤ ትልቁ ጥፍር ሆድ ሊቀድ ይችላል። ስለዚህ ማንም ከፊቱ አይቆምም። የአንድ አሮጌ ጥቁር ሹራብ እጅጌ ቆርጠን ያዥው ገልብጦ በክንዱ ላይ ያጠልቀዋል፤ በዚያው እጁ መንቁሩን በእርጋታ ሲይዝ በሌላው እጁ እጅጌውን ከክንዱ ላይ ገልብጦ በወፉ ጭንቅላት ላይ ያለብሰዋል። አፍንጫው ከጨርቁ ውጭ መቅረት አለበት። ዓይኑ እንደተሸፈነ ያ ሁሉ ሽብር ይረግባል፤ ሲያጓራ የነበረው ወፍ እንደ ታሰረ በግ ቆሞ ይቀራል። አንድ ሰው ከጎን በክንፉ፣ ሌላው ከኋላ ይደግፈዋል፤ እኔ ከክንፉ ሥር ካለው የደም ሥር 3 ሚሊ ሊትር እወስዳለሁ። ሠራተኞቹ ሰጎኑን በኦሮምኛ ጉቺ ይሉታል፤ ከመካከላቸው አንዱ «ጉቺ ጨለማ ሲሆንበት የመሸ ይመስለዋል» አለኝ። ነገሩ እውነት ነው።

ጥቅምት 16

ቁጥር 14 ሞተ። ሦስት ቀን ሙሉ በቅጹ ላይ «ኩስ ትንሽና ደረቅ» ብዬ ጽፌ ነበር፤ ዘይት አጠጥቼው፣ እንዲንቀሳቀስ አድርጌ ጠበቅኩ፤ አልተሻለውም። ስከፍተው የፊተኛው ሆዱ በሣር ክምር ተወጥሮ አገኘሁት፤ ሣሩን ደግሞ እንደ ገመድ የጠመጠመው ሰማያዊ የናይለን ክር ነበር። ከማዳበሪያ ወይም ከቡና ጆንያ የተመዘዘ መሆኑን ሠራተኛው ወዲያው አወቀው። ከክሩ ጋር ሁለት የአጥር ሽቦ ቁራጮችና አንድ የጠርሙስ ክዳን ወጡ። በአንጎሉና በአንጀቱ ላይ ፈንግልን የሚያስጠረጥር ነገር አላየሁም።

ከሰዓት በኋላ አምስት ሆነን ግቢውን ሙሉ በሙሉ አሰስን። የተሰበሰበው ሽቦ፣ ምስማር፣ ፌስታልና ክር አንድ ባልዲ ሞላ። አዲስ ቦታ የገባ ሰጎን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያገኘውን ሁሉ እንደሚለቅም እያወቅኩ ይህን አሰሳ ከመምጣታቸው በፊት አለማስደረጌ የራሴ ጥፋት ነው። አሁን የቀሩት 17 ናቸው።

ጥቅምት 22

ዛሬ የሰጎን ግቢ ውስጥ አልገባሁም፤ ሥራዬ ከአጥሩ ማዶ ነበር። ፈንግል ወደ ሰጎን የሚሻገርበት ዋናው መንገድ በአካባቢው የሚዘዋወረው ዶሮ ነው። ዶሮን በጥቂት ቀናት ውስጥ ጠርጎ የሚወስደው ቫይረስ ሰጎንን እንደ ዶሮ በጅምላ አይገድልም፤ ብዙ ጊዜ ነርቩን ነው የሚመታው፤ አንገት ይንቀጠቀጣል፣ ይጣመማል፣ ራስ መያዝ ያቅታል፤ ይበልጥ የሚጎዱትም ወጣቶቹ ናቸው። የኛዎቹ ወጣቶች ናቸው።

ከአጥሩ በስተምሥራቅ የሚኖሩት እማማ 11 ዶሮ አላቸው፤ ዶሮዎቹ በአጥሩ ሥር ሾልከው የሰጎኖቹን ፉርሽካና በቆሎ ሲለቅሙ በዓይኔ አይቻለሁ። ክትባቱን በነፃ ልስጥላቸው ብዬ ስጠይቃቸው ቡና እያፈሉ ነበር። «ልጄ፣ ፈንግል እኮ መጥቶ ያውቃል፤ ሲመጣ ቤቱን ጠርጎ ነው የሚሄደው፤ አንድም አይተውልኝም» አሉኝ። ለዶሮዎቻቸው አይ-2 የተባለውን ሙቀት የሚችል ክትባት በየዓይናቸው አንዳንድ ጠብታ ሰጠኋቸው። ይህ ክትባት ማቀዝቀዣ ለሌለው የገጠር ዶሮ አርቢ ተብሎ በአውስትራሊያ የተዘጋጀ ሲሆን አሁን ቢሾፍቱ በሚገኘው የክትባት ማምረቻ ይመረታል። ሦስተኛውን ስኒ ሳልጠጣ እንድነሣ አልፈቀዱልኝም። በዚያው ቀን የአጥሩ ሥር በጠባብ ሽቦ ተዘጋ፤ በመግቢያው በር ላይም በረኪና የተበጠበጠበት የጫማ መንከሪያ ተቀመጠ።

ጥቅምት 25

ለሰጎኖቹ የሚሆነው ላሶታ የተባለው ሕያው ክትባት ከቢሾፍቱ በበረዶ ሣጥን መጣ። አዲስ አበባን አቋርጦ ወደ 400 ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ ነው፤ ሲደርስ የሣጥኑ ቴርሞሜትር 6 ዲግሪ ያሳይ ነበር። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ውስጥ ስለሆነ ተቀብያለሁ።

ለሁለተኛው ዙር ያዘዝኩት በዘይት የተዘጋጀው፣ ቫይረሱ የተገደለበት ክትባት ግን ተበላሽቷል። ግቢው ውስጥ መብራት ስለሚጠፋ አንድ የእንስሳት መድኃኒት ቤት በማቀዝቀዣው እንዲያስቀምጥልኝ ለምኜ ነበር፤ ዛሬ ሳየው ጠርሙሱ በረዶ ክፍል ውስጥ ገብቶ ረግቷል። ሲሟሟ ዘይቱና ውሃው ለየብቻቸው ተንሳፈፉ። ዘይት ያለው ክትባት አንዴ ከረጋ በኋላ ቢቀልጥም ዋጋ የለውም። ባለሱቁ «ቀዝቃዛ ይሁን አላሉም እንዴ?» አለኝ። በጠርሙሱ ላይ «አይረጋ» የሚል ጽሑፍ በትልቁ ተለጥፎበታል፤ በቃል መናገር የነበረብኝ ግን እኔ ነበርኩ። ሌላ አዘዝኩ።

ጥቅምት 27

የዓይን ጠብታ ቀን። ጠዋት ሁሉንም ተመለከትኩ፤ የደከመ፣ የሚያስነጥስ ወይም ምግብ የተወ አልነበረም። ክትባት የሚሰጠው ለጤነኛ ወፍ ብቻ ነው።

ደረቁን ክትባት በራሱ ማሟሟያ ስበጠብጥ 4 ሰዓት ከ10 ነበር። ከተበጠበጠ በኋላ ያለው ዕድሜ አጭር ነው፤ በበረዶ ላይ ሆኖ እንኳ ከሁለት ሰዓት ማለፍ የለበትም። የሰጎን ዓይን በጣም ትልቅ ነው፤ ከአንጎሉ ይበልጣል። ሽፋሽፍቱ እንደ ግመል ረጅም ነው። ሹራቡን ከአንድ ወገን ገለጥ አድርጌ ጠብታውን ሳደርግ ከውስጠኛው ጥግ አንድ ስስ ነጣ ያለ ሽፋን ዓይኑን ጠርጎ ያልፋል፤ ጠብታው ከዚያ ሽፋን በላይ ከቀረ ተጠርጎ ይወርዳል። ስለዚህ ጠብታውን አድርጌ እስኪሰርግና ሁለት ጊዜ እስኪያርገበግብ ድረስ እጠብቃለሁ። ችኮላ የሚወድ ሰው ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ዘጠኙ በሰላም አለፉ። በአሥረኛው ላይ የጎረቤት ውሻ በበሩ ሾልኮ ገባ፤ መንጋው በአንድ ጊዜ ተነሥቶ ከጥግ ጥግ መሮጥ ጀመረ። ሰጎን ሲደነግጥ አጥር አይታየውም፤ ስለዚህ ሁላችንም ሥራውን ትተን ቆምን፤ እስኪበርድላቸው ረጅም ጊዜ ወሰደ። ከዚያ ቀጥለን የቀሩትን ስምንት ጨረስን፤ የመጨረሻው ጠብታ 5 ሰዓት ከ50 ላይ ነበር። የተያዙበትን ቅደም ተከተል በቁጥር መዝግቤያለሁ።

ስጨርስ የክትባቱ ጠርሙስ የአሉሚኒየም ክዳን የለም። የሚያብረቀርቅ ነገር መሬት ላይ ወድቆ ሰጎን ሳያየው አይቀርም። ከእንግዲህ ክዳንና መርፌ ተቆጥሮ ገብቶ ተቆጥሮ ይወጣል።

ኅዳር 1

ያዥው ሠራተኛ ግራ ዓይኑ ቀልቶ መጣ። ክትባቱን በነካው እጁ ዓይኑን አሽቶ ነበር። ይህ ቫይረስ ሰውን የዓይን መቅላት ከማስያዝ የዘለለ ጉዳት ብዙም አያደርስም፤ በጥቂት ቀናት ይድናል። ጤና ጣቢያ ሄዶ እንዲታይ አደረግኩ፤ መነጽርና ጓንትም ገዛሁ።

ኅዳር 6

ጠዋት 12 ሰዓት ከ20። ቁጥር 11 ጭንቅላቱን ወደ ቀኝ እየጣለ ያራግፋል። አንገቱ ሁለት ጊዜ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ልቤ ወረደ። ያለፉት ቀናት ቅጾች «ደህና» ይላሉ፤ ምልክቱ በአንድ ሌሊት የመጣ ነው። ወዲያው ከሌሎቹ ለይተን ራቅ ወዳለው በረት አስገባነው፤ የሚያስተናግደው አንድ ሰው ብቻ እንዲሆን፣ ጫማውም እንዲለይ አደረግን።

ይዘነው ራሱን በእጄ ስዳስስ በቀኝ ጆሮው ቀዳዳ ላይ ያሉትን ትናንሽ ላባዎች ገለጥኩ፤ ጠጥቶ ያበጠ ግራጫ መዥገር ከውስጥ ተጣብቆ ነበር። በመቆንጠጫ ነቅዬ አወጣሁት። ከቀትር በኋላ ማራገፉ ቆመ፤ ሆኖም በጥንቃቄ ለ10 ቀን እንዲለይ ወሰንኩ።

መዥገሩ ከቆላው አብሮ የመጣ መሆን አለበት። ይህን ያህል የሚያስጨንቀኝ ለሰጎኑ ብቻ ብዬ አይደለም። በ1996 እ.ኤ.አ. በደቡብ አፍሪካ ኦውትስሆርን አካባቢ ሰጎን የሚያርዱ የቄራ ሠራተኞች በመዥገር የሚተላለፈው የክሪሚያ ኮንጎ ደም መፍሰስ ትኩሳት ይዟቸው ነበር፤ ሰጎኖቹ ራሳቸው የታመሙ አይመስሉም ነበር። ስለዚህ 17ቱንም መዥገር እንዳለባቸው አንድ በአንድ ፈተሽን፤ በአምስቱ ላይ ተገኘ፤ ሁሉም ታከሙ። መዥገር በባዶ እጅ መጨፍለቅ ለሁሉም ተከልክሏል።

ኅዳር 18

ክትባቱ ከተሰጠ 21 ቀን። ሁለተኛው ደም ተወሰደ። ሴረሙ፣ ማለትም ጥርት ያለው የደሙ ፈሳሽ፣ ተለይቶ በበረዶ ሄደ። ለላቦራቶሪው አንድ ነገር በደብዳቤ አሳሰብኩ፦ የሰጎን ሴረም የዶሮን ቀይ የደም ሕዋስ በራሱ ሊያጓጉል ስለሚችል አስቀድሞ በዶሮ ቀይ የደም ሕዋስ መታከም አለበት፤ ካልሆነ የውሸት ውጤት ይሰጣል።

ኅዳር 27

ውጤቱ መጣ። ከክትባት በፊት በተወሰደው ደም ሁሉም አንቲቦዲ አልነበራቸውም። አሁን ክትባቱ ይዟቸዋል ለማለት መለኪያ ያደረግኩት የአንቲቦዲ መጠን፣ 1 ለ16 ወይም ከዚያ በላይ፣ የደረሱት ከ17ቱ ስምንት ብቻ ናቸው።

መጀመሪያ ክትባቱን ጠረጠርኩ፤ ቀጥሎ መንገዱን። ከዚያ የጥቅምት 27ን የአያያዝ ቅደም ተከተል አውጥቼ ከውጤቱ ጎን ለጎን አስቀመጥኩት። ከመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ ውስጥ ሰባቱ ደርሰዋል። ከውሻው ግርግር በኋላ ከተሰጣቸው ስምንት ውስጥ አንዱ ብቻ። በሰዓት ረገድ ከሁለት ሰዓት አልፈን አናውቅም። ያዥውን ጠርቼ በዚያ ግርግር ጊዜ ጠርሙሱ የት እንደነበር ጠየቅኩት። ትንሽ አመነታና «ዶክተር፣ እርስዎ ራስዎ ነዎት ያስቀመጡት፤ በምሰሶው ራስ ላይ» አለኝ። ምሰሶው በስተምሥራቅ ነው፤ በዚያ ሰዓት ፀሐይ በቀጥታ ታርፍበታለች። ሕያው ቫይረስ በፀሐይ ላይ ብዙ አይቆይም። ሰዓቱን በጥንቃቄ የመዘገብኩ ሰው ጠርሙሱን የት እንዳስቀመጥኩ አልጻፍኩም።

ኅዳር 29

አዲሱ ዘይት ያለው ክትባት ሳይረጋ ደርሷል። ይህ በመርፌ ከቆዳ ሥር የሚሰጥ ነው። ቀዝቃዛ ሆኖ ከተወጋ ይወፍራል፣ ያማል፤ ስለዚህ ጠርሙሱን ከሣጥን አውጥቼ በጥላ ሥር የክፍል ሙቀት እስኪይዝ አቆየሁት፤ በየወፉ መካከልም እወዘውዘዋለሁ። መወጊያው የአንገት ሥር፣ ቆዳው ልቅ የሆነበት ቦታ ነው። ሠራተኞቹን አስቀድሜ አስጠነቀቅኩ፦ ይህ ዘይት በስሕተት የሰው ጣት ውስጥ ከገባ ጣት እስከማስቆረጥ ሊያደርስ ይችላል፤ ደም ባይወጣም ወዲያው ሐኪም ዘንድ መሄድ ግዴታ ነው። ስለዚህ ሰጎኑ ሲንቀሳቀስ መርፌውን የያዘው ሰው ይራቅ እንጂ አይከተል።

ዘጠኙ ጠብታው ያልያዛቸው መጀመሪያ ተወጉ፤ ከዚያ የቀሩት። ጠርሙሱ በሣጥኑ ላይ፣ ሣጥኑ በጥላ ሥር። ቁጥር 5 በመወጋት ላይ እያለ ወደ ጎን ተንፈራገጠ፤ ዘይት በላባው ላይ ታየ፤ ምን ያህሉ እንደገባ ማረጋገጥ አልቻልኩም። ክዳን፦ 1 ገባ፣ 1 ወጣ። መርፌ፦ 17 ገባ፣ 17 ወጣ።

ታኅሣሥ 11

የሚጻፍ የለም። ሁሉም ይበላሉ። ጭቃው ደርቋል።

ታኅሣሥ 20

ሦስተኛው ደም ተወሰደ። አሁን ሰጎኖቹ ሹራቡን ሲያዩ ይሸሻሉ፤ ያዥው እጅጌውን ከጀርባው ደብቆ መኖ ይዞ መቅረብን ተምሯል።

ታኅሣሥ 26

ገና ሦስት ቀን ቀርቶታል። በገበያው ዶሮ በእግሩ ታስሮ ከየወረዳው ይጎርፋል፤ ፈንግል ከመንደር ወደ መንደር የሚጓዘው በዚህ ጊዜ ነው፤ የታመመውን ዶሮ ባለቤቱ ከመሞቱ በፊት ለመሸጥ ይቸኩላልና። እማማ አንድ ቀይ አውራ ዶሮ ገዝተው አገኘኋቸው። ከቤቱ ዶሮ እንዳይቀላቀል በቅርጫት ሥር እንዲያቆዩት፣ ከታረደም በኋላ ላባውንና አንጀቱን ከአጥሩ ሥር ከመጣል ይልቅ እንዲቀብሩት ለመንኳቸው። «ለሰጎኖችህ ስትል የገናዬን ዶሮ በቅርጫት ታስራለህ» ብለው ሳቁ፤ ግን አሰሩት። ሠራተኞቹም ከበዓሉ ሲመለሱ ልብስ ቀይረው እንዲገቡ ተስማምተናል።

ጥር 4

ውጤቱ ደረሰ። ከ17ቱ 16ቱ 1 ለ16 አልፈዋል፤ አብዛኞቹ እጅግ ከፍ ብለው። ያልደረሰው ቁጥር 5 ነው። በኅዳር 29 ቅጽ ላይ «ዘይት በላባው ላይ ታየ» የሚለው ቃል ከስሙ አጠገብ ተጽፏል።

ማክሰኞ ጠዋት ቁጥር 5 ብቻ እንደገና ይወጋል፤ ከ21 ቀን በኋላ ደሙ ለብቻው ይሄዳል። የሹራቡ እጅጌ ስለተቀደደ ሌላ ያስፈልጋል፤ ያዥው የታናሽ ወንድሙን የድሮ የትምህርት ቤት ሹራብ አመጣለሁ ብሏል።